የአባቴ ዕጢ «ሙሲን አለው» ተባለ፤ የሚያዛምተው እሱ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ለወራት ‹ደም ማነስ ነው› ተብለው የአይረን ኪኒን ሲውጡ ከርመው፣ በመጨረሻ በቀኝ በኩል ባለው ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የፓቶሎጂ ወረቀቱ ‹ሙሲነስ አዴኖካርሲኖማ፣ ቲ3 ኤን1› ይላል። ሙሲኑ ከዕጢው 70 በመቶ ያህል ነው ብለውም ጽፈዋል። ሐኪሙ ‹ዝልግልግ ነገር የሚያመነጭ ዓይነት ነው፣ መዛመት ይወዳል› አሉን። ሙሲን ምንድን ነው? የሚያዛምተው እውነት እሱ ነው? ዘመዶቻችን ደግሞ ተልባና አብሽ አታስቀምሷቸው፣ ዝልግልጉን ይጨምርባቸዋል እያሉ ነው።»

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ የተቆረጠ ዕጢን በማይክሮስኮፕ የምመረምር ሐኪም። እርስዎ እጅ የገባውን ዓይነት ወረቀት ከሚጽፉት ወገን ነኝ ማለት ነው። ወረቀቱን ስንጽፍ ሐኪሙ እንዲረዳው ብለን እንጂ ቤተሰብ ሌሊት ላይ በስልክ መብራት ያነበዋል ብለን አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሙሲን ራሱ ካንሰር አይደለም። ጤነኛ አንጀት ያለ ሙሲን ጤነኛ ሆኖ አይቆይም። ካንሰሩ ግን ይህንኑ ነገር ለራሱ ያውለዋል። ጥቅሙና ጉዳቱ የሚለየው ወደ የት እንደሚፈስ ነው።

ሙሲን በአፍንጫ፣ በጉሮሮ፣ በጨጓራና በአንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ ያለውን ሽፋን ዝልግልግ የሚያደርገው ፕሮቲን ነው። ንፍጥን ንፍጥ፣ አክታንም አክታ ያደረገው እሱ ነው። ከአንድ ረጅም የፕሮቲን ክር ላይ በጣም ብዙ የስኳር ሰንሰለቶች ተንጠልጥለውበታል። ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ስኳሮቹ ውሃ ይስባሉ፤ ለዚህ ነው የሚያብጠውና የሚዝለገለገው። በትልቁ አንጀት ውስጥ ዋናው ሙሲን «ሙክ-2» ይባላል። ክሩ ብቻውን ከ5,000 በላይ አሚኖ አሲዶች አሉት። የሚያመርቱት ዋንጫ የሚመስሉ ሴሎች ናቸው። ሙሲኑን በሆዳቸው ጠቅጥቀው ይዘው ይቆዩና ወደ አንጀቱ ባዶ ቦታ ሲተፉት ብዙ መቶ እጥፍ ያብጣል።

ሥራው ምንድን ነው? አጥር ነው። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ብዛታቸው ለወሬ አይመችም። እነሱና የአንጀታችን ሴሎች እንዳይነካኩ የሚያደርገው ይህ ሽፋን ነው። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት ሽፋኑ ሁለት ድርብ አለው። የላይኛው ልል ነው፤ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። የታችኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ባክቴሪያ አይገባበትም ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሙክ-2 የሌላቸው አይጦች ተፈጥረው ነበር። አጥሩ የሌላቸው አይጦች ዕድሜያቸው ሲገፋ አንጀታቸው ላይ ዕጢ አበቀሉ። ስለዚህ በጤናችን ጊዜ ሙሲን ከካንሰር ከሚጠብቁን ነገሮች አንዱ ነው። ሐኪሙ የነገሩዎትን ከዚህ ጋር ማስታረቅ አለብን።

ላስታርቀው። የጤነኛው ሴል ነገር ሁሉ አቅጣጫ አለው። ላይና ታች ያውቃል። ሙሲኑን ወደ ላይ፣ ሰገራው ወደሚያልፍበት ባዶ ቦታ ይተፋል። ከዚያ ከሰገራ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። የካንሰር ሴል ግን ላይና ታቹ ጠፍቶበታል። ሙሲኑን ወደ ጎንም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ግድግዳው ሥጋ ውስጥም ይለቀዋል። እዚያ ደግሞ መውጫ የለም። ይጠራቀማል። ኩሬ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ዕጢ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ገና በቢላዋ ስቆርጠው አውቀዋለሁ። ተራው የአንጀት ካንሰር ሲቆረጥ ነጣ ያለ፣ ጠጠር ያለ ነው። ይሄኛው ያብረቀርቃል፤ ቢላዋው ላይ ይጣበቅና እንደ ማር ይሳባል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ደግሞ ፈዛዛ ሰማያዊ ኩሬዎች ይታዩኛል። ኩሬዎቹ መሐል የካንሰር ሴሎች በቁርጥራጭ ሆነው ተንሳፈዋል፤ ውሃ ላይ እንደተጣለ ቄጤማ። አንዳንዴ ከሴል ይልቅ ኩሬው ይበዛል። በአባትዎ ወረቀት ላይ 70 በመቶ የተባለው ይህ ነው። ከዕጢው ስፋት ውስጥ ከሴል ውጪ የተጠራቀመው ሙሲን ድርሻ።

ስሙን የምንሰጠው በ50 በመቶ ነው። ከዕጢው ከግማሽ በላይ ሙሲን ከሆነ «ሙሲነስ አዴኖካርሲኖማ» እንለዋለን። ከግማሽ በታች ከሆነ ተራው አዴኖካርሲኖማ (ከአንጀት ሽፋን ሴሎች የሚነሣው የተለመደው ካንሰር) ሆኖ «ሙሲን ያለበት ክፍል አለው» ተብሎ ይጻፋል። በነገራችን ላይ 49 እና 51 በመቶን በዓይን መለየት የሚችል ፓቶሎጂስት እስካሁን አላጋጠመኝም። መስመሩ ሰው ያሰመረው ነው። በምዕራቡ ዓለም ከትልቁ አንጀትና ከፊንጢጣ ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶው ይህ ዓይነት ነው። እንደ አባትዎ በቀኝ በኩል መገኘት ይወዳል። በቀኝ በኩል ሰገራው ገና ፈሳሽ ስለሆነ ዕጢ ቢበቅልም ቶሎ አይዘጋውም። ዕጢው ግን ቀስ እያለ ይደማል፤ ደሙ ከሰገራው ጋር ስለሚዋሐድ በዓይን አይታይም። በምልክትነት ቀድሞ የሚመጣው ድካምና ደም ማነስ ነው። አይረን ሲውጡ መክረማቸው ያበሳጫል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እንዲሁ ነው። በዕድሜ የገፋ ወንድ ደሙ ካነሰ «ደሙ የት ሄደ?» ብሎ አንጀቱን ማየት ይገባል።

ሌላ የሚምታታ ስም አለ። ወረቀቱ ላይ «ሲግኔት ሪንግ» የሚል ቃል ካለ ይፈልጉት። በዚህኛው ሙሲኑ ከሴሉ አይወጣም። ውስጡ ተጠራቅሞ የሴሉን አስኳል ወደ ጥግ ይገፋዋል። ሴሉ ባለ ማህተም ቀለበት ይመስላል። ከአንጀት ካንሰሮች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ጠባዩ ግን በጣም ይከፋል። እርስዎ ከጻፉልኝ ውስጥ ይህ ቃል የለም። ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ መዛመቱ። ኩሬው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሴሎቹ ሙሲን ማምረታቸውን ስለማያቆሙ ግፊቱ ይጨምራል። ሥጋ ደግሞ ሲገፉት በደካማው ቦታ ይሰነጠቃል። ሙሲኑ በአንጀቱ ጡንቻ ንብርብሮች መሐል እየሰረገ መንገድ ይከፍታል። ሴሎቹ ተከትለው ይሄዳሉ። ተራው የካንሰር ሴል እየበላ፣ እየቆፈረ ነው የሚያልፈው። እነዚህ ግን በፈሳሹ ላይ ተንሳፈው ያልፋሉ።

የአንጀቱን የመጨረሻ ቆዳ ከበሳው ደግሞ ሙሲኑ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል። ሆዳችን ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ፈሳሽ አለ፤ ስንተነፍስና ስንንቀሳቀስ ይዞራል። ሴል የተሸከመው ሙሲን ከዚያ ጋር ይዞርና ፈሳሹ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያርፋል። ዳሌ ውስጥ፣ ከጉበት በላይ ከድያፍራም ሥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞራው ላይ። በግ ሲታረድ አንጀቱን እንደ ነጠላ የሚሸፍነውን ሞራ ያውቁታል? እኛም አለን። ቀዶ ሐኪሞች ሆድ ከፍተው መጀመሪያ የሚዳብሱት እሱን ነው። የአባትዎ «ቲ3» ነው፤ ያ ማለት ዕጢው ጡንቻውን አልፏል፣ የውጪውን ቆዳ ግን አልበሳም። ቢበሳው «ቲ4» ይባል ነበር። አንዲት ቁጥር ናት፤ ለሙሲነስ ዕጢ ግን ከምንም በላይ የማያት እሷን ነው።

ይህ እንዲሁ ግምት አይደለም። በኔዘርላንድስ ካንሰራቸው ተዛምቶ የሞቱ 1,675 ሰዎች የአስከሬን ምርመራ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ተራው አዴኖካርሲኖማ ከነበረባቸው ውስጥ የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተዛመተባቸው ከአምስት አንድ ያህል ነበሩ። ከሙሲነሶቹ ግን ግማሽ ገደማ። ጉበት ላይ ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። ተራው ወደ ጉበት የሄደው ከአስሩ ሰባት ያህል ጊዜ ነው፤ ሙሲነሱ ከአስሩ አምስት። እንግዲህ «መዛመት ይወዳል» የተባለውን እኔ ብሆን «የሚዛመትበት መንገድ ይለያል» ብዬ እነግርዎ ነበር። ተራው በደም ወደ ጉበት ይሄዳል። ሙሲነሱ ሆድ ዕቃው ውስጥ መቅረት ይቀናዋል።

ሙሲን በደም መንገድ ላይ ግን ሥራ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ለእኔ ደስ የሚለኝ ክፍል ይሄ ነው። እስካሁን ያወራነው ስለሚፈሰው ሙሲን ነው። ከሴሉ ቆዳ ጋር ተሰፍቶ የሚቀር ሌላ ዓይነትም አለ። ዋናው «ሙክ-1» ይባላል። ጤነኛ ሴል ላይ በላይኛው ጫፍ ብቻ ነው ያለው፤ እንደ ብሩሽ ቆሞ። ካንሰር ሲሆን ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ስኳሮቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ጎረቤት ሴሎች ይገፋፋሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የነበሩ ሴሎች ይላቀቃሉ። አንዱ ተላቆ ደም ውስጥ ይገባል።

ደም ውስጥ ብቻውን የገባ የካንሰር ሴል ዕድሜው አጭር ነው። ፍሰቱ ይበጣጥሰዋል፣ የመከላከያ ሴሎች ይለቅሙታል። አሁንም ስኳሮቹ ይደርሱለታል። የካንሰር ሙሲን ላይ ያሉት ስኳሮች ከጤነኛው ይለያሉ፤ ከመሐላቸው «ሲያሊል ሉዊስ» የሚባሉ አሉ። እነዚህን ስኳሮች ደግሞ በፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ በሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) እና በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያሉ «ሴሌክቲን» የሚባሉ መንጠቆዎች ይይዟቸዋል። ፕሌትሌቶች ሴሉን ከበው ጋቢ ያለብሱታል። የመከላከያ ሴል ሲያልፍ የሚያየው ፕሌትሌት ነው። መንጠቆው ደግሞ ሴሉን ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። እዚያው ይወርዳል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 በአይጥ ላይ አሳይተዋል። የሰው የአንጀት ካንሰር ሴሎችን ሙሲን በኤንዛይም ላጩት፤ ስርጭቱ ቀነሰ። ሙሲኑን ሳይነኩ ሄፓሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ሰጡ፤ መንጠቆው ተዘጋና ስርጭቱ ቀነሰ። ያኔ ብዙዎቻችን ጓጉተን ነበር። ርካሽ፣ የታወቀ መድኃኒት! ነገር ግን በካናዳ 614 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ የሄፓሪን ዘመድ የሆነውን ቲንዛፓሪን ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰጥቶ፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ አልረዳም። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ይህን የምነግርዎ አንድ ሰው «ደም ማቅጠኛ ስርጭት ያቆማል» ብሎ ሳይመክርዎ በፊት ነው።

ደም ማቅጠኛ ለሌላ ነገር ግን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ሙሲን የሚያመነጩ ካንሰሮች ደም ያረጋሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ ካንሰር ደም እንደሚያረጋ እ.ኤ.አ. በ1865 አስተምሮ ነበር፤ የሚያሳዝነው ከሁለት ዓመት በኋላ እሱ ራሱ በጨጓራ ካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት በደም ሥሩ ውስጥ የረጋውን ደም አይቶ በሽታውን ያወቀው ራሱ ነው ይባላል። የአባትዎ አንደኛው እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ላይ ካመማቸው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ለቀጠሮ አይጠበቅም። ያን ቀን ሐኪም ቤት።

ሦስተኛው ሥራ ጋሻነት ነው። ኩሬው መሐል የሚንሳፈፍ ሴል ዙሪያውን የደም ሥር የለም። ኬሞ በደም ነው የሚሄደው፤ ኩሬው ዳር ሲደርስ በዝልግልጉ ውስጥ ቀስ ብሎ መስረግ አለበት። የመከላከያ ሴሎችም እንዲሁ። ሆድ ዕቃ ውስጥ የተዘራ ሙሲነስ ካንሰር ለኬሞ አስቸጋሪ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ የቀዶ ሐኪሙ ዴቪድ ሞሪስ ቡድን ጋሻውን ራሱን ለማሟሟት እየሞከረ ነው። ሁለት ነገር ይቀላቅላሉ። አንዱ ብሮሜሌይን ነው፣ ከአናናስ ግንድ የሚወጣ ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም። ሌላው አሴቲልሲስቲን ነው፣ አክታ ለማቅጠን የምንሰጠው። ቅልቅሉን በቱቦ ሆድ ውስጥ ጨምረው የረጋውን ሙሲን ያቀጥኑና ይቀዱታል። ገና ሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው፤ በዋናነትም ከትርፍ አንጀት ተነሥቶ ሆድን በሙሲን ለሚሞላ በሽታ ነው የሚሞከረው። እባክዎ አናናስ ገዝተው አይሩጡ። የሚበሉት አናናስ ኤንዛይሙ ጨጓራ ውስጥ ይፈጫል እንጂ ሞራ ላይ አይደርስም። ስለጣመዎት ከበሉት ግን ማን ይከለክላል።

እስካሁን ያልኩትን ሲያነቡ «ሙሲን በበዛ ቁጥር ይብሳል ማለት ነው» ብለው ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጠመው። ብዙው ተራ የአንጀት ካንሰር ሙክ-2 ማምረቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ከእነዚህ መሐል ሙክ-2 ይበልጥ የጠፋባቸው በአማካይ የከፋ ዕድል አላቸው። ሙሲነሶቹ ደግሞ ሙክ-2ን ይዘው የቆዩት ናቸው። ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጥያቄው ሙሲኑ ምን ዓይነት ነው፣ የት ፈሰሰ፣ ምን ያህል ሴል ተሸክሟል የሚለው ነው። በተለይ ፊንጢጣ አካባቢ ጨረርና ኬሞ ከቀዶ ሕክምና በፊት የወሰዱ ሰዎች ወረቀታቸው ላይ «ሴል የሌለው ሙሲን» የሚል ቢያነቡ አይደንግጡ። ያ ካንሰሩ ሞቶ ኩሬው ብቻ ቀረ ማለት ነው። እንደ ቀሪ ካንሰር አንቆጥረውም።

ታዲያ የአባትዎ ዕድል ከሌላው ይከፋል? 222,000 ያህል ታማሚዎችን ያካተቱ 44 ጥናቶች በአንድ ላይ ተመዝነው እ.ኤ.አ. በ2012 ታትመዋል። ሙሲነስ መሆን የመሞት አደጋን የሚጨምረው ከ2 እስከ 8 በመቶ ነው። ትንሽ ነው። ሙሲነስ መጥፎ ስም ያተረፈበት ትልቁ ምክንያት ዘግይቶ ስለሚገኝ ነው። ደረጃውን እኩል አድርገን ስናወዳድር ልዩነቱ ይጠባል። ኤን1 ማለት ከአንጀቱ ጎን ካሉት ንፍፊቶች ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል ማለት ነው፤ ይህ ደረጃ 3 ያደርገዋል። ስንት ንፍፊት እንደተመረመረም ወረቀቱ ላይ ይኖራል። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቆጠራው የሚታመን ነው።

አሁን ወረቀቱ ላይ ያላየሁትን ልንገርዎ። ከሁሉ በላይ እንዲጠይቁልኝ የምፈልገው እሱን ነው። ሙሲነስ ካንሰሮች ከሌሎቹ በበለጠ የዲኤንኤ ስሕተት አራሚ ፕሮቲኖቻቸው የጎደሉ ሆነው ይገኛሉ። አራት ናቸው፦ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6። በተቆረጠው ዕጢ ላይ በቀለም ይመረመራሉ። ሴሉ ቡናማ ከሆነ ፕሮቲኑ አለ፤ ካልሆነ ጎድሏል። ይህ ውጤት ሁለት ነገር ይቀይራል።

አንደኛው ሕክምናው ነው። የጎደለባቸው ዕጢዎች ስሕተታቸው ስለሚበዛ ለመከላከያ ሠራዊታችን በግልጽ ይታያሉ፤ ኢሚውኖቴራፒ ደግሞ የሠራዊቱን ፍሬን ይለቃል። ካንሰራቸው በተዛመተባቸው እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት፣ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው ኢሚውኖቴራፒ በሽታውን በአማካይ 16.5 ወር ሲያቆም ኬሞ 8.2 ወር ብቻ እንዳቆመ አሳይቷል። እንደ አባትዎ ደረጃ 3 ለሆኑትም፣ ፕሮቲኖቹ ከጎደሉ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞው ላይ አቴዞሊዙማብ የተባለውን ሌላ ኢሚውኖቴራፒ መጨመር እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ካንሰር ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ቀርቧል። ሦስት ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት ከ77 ወደ 86 በመቶ ገደማ ከፍ ብለዋል። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ቢሆንም ማወቅ ይሻላል። ፕሮቲኖቹ ካልጎደሉ የተለመደው ኬሞ ይሰጣቸዋል፤ ለስንት ወር የሚለውን የካንሰር ሐኪማቸው ይወስኑ።

ሁለተኛው እርስዎን ራስዎን ይመለከታል። የፕሮቲኑ ጉድለት አንዳንዴ በዘር የሚመጣ ነው፤ ሊንች ሲንድሮም ይባላል። አባት ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የወረሰ ሰው፣ በተለይ የኤምኤልኤች1 ወይም የኤምኤስኤች2 ጉድለት ከሆነ፣ ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ያደርጋል። ኤምኤልኤች1 ብቻ ከነ ጓደኛው ፒኤምኤስ2 ከጠፋ ግን ገና አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የመጣ እንጂ የዘር አይደለም፣ በተጨማሪ ምርመራ ይለያል። ሊንች ባይሆንም እንኳ አባትዎ የተገኘባቸው ከ60 በፊት ስለሆነ ልጆቻቸው በ40 ዓመት የመጀመሪያውን ኮሎኖስኮፒ ማድረግ አለባቸው።

ክትትሉ ላይ አንድ ሁለት ነገር። የሙሲን ኩሬ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ፔት ስካን (ካንሰር ያለበትን ቦታ አብርቶ የሚያሳይ ምስል) ላይ ብዙም አይበራም፤ «ፔቱ ንጹሕ ነው» መባል ለዚህ ዓይነቱ ዕጢ ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም። ኤምአርአይ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁመው የደም ምርመራ ሲኢኤ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ይታይላቸው። ሲኤ 19-9 የሚባለውም ቢጨመር፣ የሚለካው ቅድም ያልኩዎትን የሙሲን ስኳር ነው። ያንን ስኳር ከተፈጥሯቸው የማይሠሩ ሰዎች ስላሉ ዜሮ መሆኑ ብቻውን ምሥራች አይደለም።

ተልባና አብሽ ቀርተውብኛል። ዘመዶችዎ የሚሉት ከዓይን እይታ የመጣ ነው፤ ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ በእርግጥ ይዝለገለጋል። ያ ግን፣ የአብሹም ጭምር፣ የእፅዋት ስኳር ነው። የሰው ሙሲን ሴሉ ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ከምግብ ተወስዶ ዕጢው ላይ አይጨመርም። እንዲያውም አይጦች ላይ እንደታየው ባክቴሪያዎች አሰር ያለው ምግብ ሲያጡ የአንጀቱን ሙሲን አጥር መብላት ይጀምራሉ። አባትዎ ከቀዶ ሕክምናው አገግመው ምግብ ከለመዱ ተልባውን ይጠጡ። ከኪኒን ጋር ብቻ አንድ ላይ አይውሰዱት፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ይዞ ያዘገየዋልና ሁለት ሰዓት ያራርቁት።

ዝልግልግ ካነሳን አይቀር፣ ሰገራ ላይ የሚታይ ንፍጥ መሰል ነገር ሌላ ወሬ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ሁሉ «አሜባ» ነው። አንድ ጊዜ ናሙናው እኔ ጋ የደረሰ ሰው፣ የፊንጢጣ ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት አምስት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ታዞለት ነበር። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ የትኛውም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ታክሞ የተመለሰ ንፍጥ ያለው ሰገራ፣ በተለይ ደም ከቀላቀለ፣ ሁለተኛ ኪኒን ሳይሆን ሐኪም በጓንት የሚዳብሰው፣ ቢቻል በካሜራ የሚያየው ነው።

ለአራቱ ፕሮቲኖች ምርመራ የዕጢው ብሎክ ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቦታ ፓቶሎጂ ክፍል ሄደው «የፓራፊን ብሎኩን» ይጠይቁ። ጣት የምታክል የፕላስቲክ ካሴት ናት፣ ላይዋ ላይ ሰም ውስጥ የተቀበረ የዕጢ ቁራጭ አለ። ብዙ ዓመት ትቀመጣለች። ቁጥሯ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር መመሳሰሉን እዚያው ይዩ። ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚወስዷት እርስዎ ከሆኑ በፖስታ አድርገው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዟት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ግን አይተዋት። ሰም ናት፣ ትቀልጣለች።